«ይፈቀዳል» ከተባለ በኋላ፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ የልጅ ፍላጎትና የሕክምና ምርጫ በፊቅህ ሚዛን

መግቢያ

ልጅ ለማግኘት ሕክምና የጀመሩ ሙስሊም ባልና ሚስት ለዑለማእ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከማህፀን ውጭ በቤተ ሙከራ የሚደረገው ፅንሰት፣ በተለምዶ አይቪኤፍ የሚባለው፣ በሸሪዓ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ይህ ጥያቄ በዘመናችን ከተነሡት አዳዲስ የፊቅህ ጉዳዮች መካከል ግልጽ መልስ ካገኙት አንዱ ነው፤ መልሱም ከአርባ ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ኢንዶሜትሪዮሲስ በተባለው ሕመም ለምትሠቃይ ሴት «ይፈቀዳል» የሚለው ቃል የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ቀዶ ሕክምናውን ታስቀድም ወይስ አይቪኤፉን? ምን ያህል ጊዜ ትጠብቅ? የቤተሰቡ የንግድ መነሻ ገንዘብ ለዚህ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ልጅ ፍለጋውስ የገዛ አካሏን የሚጎዳ ሲሆን ምን ይቀደማል?

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ፊቅህ ለእነዚህ ጥያቄዎችም ሚዛን እንዳለው ነው። ጉዳዩን ከመርካቶ፣ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ኑሮ ጋር አያይዘን የምናየውም ያለ ምክንያት አይደለም። በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚኖረውና የሚነግደው ሙስሊም ማኅበረሰብ ጥያቄውን የሚጠይቀው በራሱ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው፦ ገንዘቡ በእቁብና በሸቀጥ ላይ የዋለ፣ ባል ለንግድ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቻይና የሚመላለስ፣ ሚስት በተጋባች በዓመቷ «ምነው ዝም አልሽ?» እየተባለች የምትጠየቅበት ኑሮ ነው። ፈትዋ የሚሰጠው ለሰው በመሆኑ የጠያቂው ኑሮ በመልሱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም ነው። ይህ ሕብረ ሕዋስ በእንቁላል ማምረቻዎች (በኦቫሪ) ላይ፣ በማህፀን ቱቦዎች ዙሪያ፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ይገኛል። ለሆርሞን ለውጥ ምላሽ ስለሚሰጥ አካባቢውን ያስቆጣል፤ ቁጣው ውሎ አድሮ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ጠባሳውም ተለያይተው ሊንቀሳቀሱ የሚገባቸውን አካላት እርስ በርሳቸው ያጣብቃል። በእንቁላል ማምረቻው ውስጥ ሲያድግ ያረጀ ደም የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ከይዘቱ ቀለም የተነሣ «የቸኮሌት ሲስት» ተብሎ ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ይህ ሕመም አለባቸው። ዋና ዋና ምልክቶቹ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ በወር አበባ ቀናት በሽንት ወይም በሰገራ ጊዜ የሚብስ ሕመም፣ ድካምና የመፀነስ መዘግየት ናቸው። ሕመሙ ካለባቸው ሴቶች ከሦስት አንዷ ወይም ከዚያም በላይ ለመፀነስ ትቸገራለች፤ ብዙዎቹ ግን ያለ አንዳች ሕክምና ይወልዳሉ። ስለዚህ ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት መካንነት ማለት አይደለም።

ሕመሙ ከመጀመሩ እስከሚታወቅ ድረስ በብዙ ሀገሮች በርካታ ዓመታት ያልፋሉ። አንደኛው ምክንያት ሕክምናዊ ነው፤ የቸኮሌት ሲስት በአልትራሳውንድ ቢታይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ቁስሎች ግን በምስል ላይታዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ምክንያት ማኅበራዊ ነው። «ወር አበባ ያማል፤ ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ምክር በየቤቱ የተለመደ ነው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ቢሆንም ይህ ሕመም ላለባት ሴት ሁለት ጊዜ ይጎዳታል፦ ሕመሟን ተፈጥሯዊ ነው ብላ እንድትታገሠው ያደርጋታል፤ መድኃኒትሽ ነው የተባለችው ልጅም በዚያው ሕመም ሳቢያ ሊዘገይባት ይችላል።

ሕመሙ በፊቅህ ያለው ቦታ

ልጅ የማግኘት ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት የሕመሙ ጥያቄ አለ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 222ኛ አንቀጽ ሐይድን የገለጸው «አዛ» በሚል ቃል ነው፤ ይህም ጉዳትን፣ ችግርን፣ የሚያውክ ነገርን የሚያመለክት ቃል ነው። ባል በእነዚያ ቀናት ከግንኙነት እንዲታቀብ የታዘዘውም ከዚሁ ገለጻ ጋር ተያይዞ ነው። የሴቲቱ መቸገር በሸሪዓ ዘንድ የሚታወቅና ብይን የሚከተለው ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ልጇ በየወሩ በሕመም ስትወድቅ የምታይ እናት ወደ ሐኪም ብትወስዳት ሃይማኖታዊ ነውር የለበትም፤ ይልቁንም አማናን መወጣት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ከዒባዳ ጋር ይያያዛል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸው አንዳንድ ሴቶች ከወር አበባቸው ውጭ ነጠብጣብ ደም ያያሉ፤ ሌሎች ደግሞ የደማቸው ቀናት ይረዝማሉ። በሀገራችን ሥር በሰደዱት መዝሀቦች መሠረት የሐይድ ከፍተኛው ጊዜ በሻፊዒዮች ዘንድ 15 ቀን፣ በሐነፊዮች ዘንድ 10 ቀን ነው፤ ዝቅተኛው ደግሞ በሻፊዒዮች አንድ ቀንና አንድ ሌሊት፣ በሐነፊዮች ሦስት ቀን ነው። ከከፍተኛው ወሰን አልፎ የሚፈስ ደም ኢስቲሓዷ ይባላል፤ ከሠላትም ከጾምም አያግድም። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደሟ ባላቋረጠ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያ ደም ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን እንዳስረዷት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚህ ዘገባ ብይኑ የተመሠረተው የደሙን ምንጭ በመለየት ላይ ነው። የሐኪም ምርመራም ዛሬ ለሴቲቱ የሚያበረክተው ይህንኑ መለየት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የትዳር መብት ነው። በግንኙነት ጊዜ የሚሰማት ሕመም ከበሽታ የመነጨ ከሆነ ሚስት በዚህ ምክንያት ብትቸገር «ኑሹዝ» (ለባል መብት እንቢተኛ መሆን) ፈጸመች አትባልም፤ ሕመም በፊቅህ የታወቀ ምክንያት ነውና። ልጅ የሚፈልጉ ጥንዶች ይህን ማወቃቸው ብዙ ቅያሜ ያስቀርላቸዋል።

መታከምና ተወኩል

ሱረቱ ሹራ በ49ኛውና በ50ኛው አንቀጾቹ አላህ (ሱ.ወ) ለሚሻው ሴት፣ ለሚሻው ወንድ፣ ለሚሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሚሻውንም መካን እንደሚያደርግ ይናገራል። አንዳንዶች ይህን ይዘው «ታዲያ መታከም ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ነገር ግን ያው ቁርኣን ዘከሪያ (ዐ.ሰ) እርጅናቸውንና የሚስታቸውን መካንነት ጠቅሰው ልጅ እንደለመኑ ይነግረናል፤ በሱረቱል አንቢያእ 90ኛ አንቀጽ ደግሞ አላህ ልመናቸውን ተቀብሎ ሚስታቸውን እንዳበጀላቸው ይገልጻል። ከሙፈሲሮች ብዙዎቹ ይህን ማበጀት መውለድ እንድትችል ማድረግ ብለው ተርጉመውታል። ልጅ መፈለግ በቀደር አለመርካት ቢሆን ኖሮ የነቢያት ዱዓ ባልሆነም ነበር።

መታከምን በተመለከተም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች እንዲታከሙ እንዳዘዙና ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለ እንደተናገሩ ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤው የመታከም ብይን እንደ ሁኔታው ግዴታ፣ የተወደደ፣ የተፈቀደ ወይም የሚጠላ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ዱዓ፣ ሩቅያና ከቅመም ተራ የሚገዛው ጥቁር አዝሙድ የሐኪም ቤትን መንገድ የሚዘጉ አይደሉም፤ ሰበብን ከሰበብ ማጣመር የተወኩል ተቃራኒ አይደለምና። ጉዳት የሚመጣው አንዱ በሌላው ሲተካና ውድ የሆኑት ዓመታት በመጠበቅ ሲያልፉ ነው።

የዑለማእ ጉባኤዎች ምን ወሰኑ?

በአይቪኤፍ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ሕፃን በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1980፣ በወቅቱ የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት፣ በኋላም የአል-አዝሀር ታላቅ ኢማም የሆኑት ሸይኽ ጃደል ሐቅ ዐሊ ጃደል ሐቅ የባልን ዘርና የሚስትን እንቁላል ብቻ የሚጠቀመውን ሕክምና የሚፈቅድ፣ ሦስተኛ ወገን የሚገባበትን ሁሉ የሚከለክል ፈትዋ ሰጡ።

በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1984 ጉዳዩን ሲመለከት የአንዷ ሚስት ፅንስ በሌላዋ የዚያው ባል ሚስት ማህፀን እንዲያድግ ፈቅዶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ፅንሱን የተሸከመችው ሚስት በዚያው ወቅት ከባሏ ልትፀንስ ስለምትችል የልጆቹ እናት ማንነት ይደባለቃል በሚል ይህን ፈቃድ ሰረዘ። ዑለማእ አዲስ ማስረጃ ሲቀርብላቸው የራሳቸውን ውሳኔ እንደሚመረምሩ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

ዛሬ ብዙ የሱኒ ዑለማእ የሚመረኮዙበት ውሳኔ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በዐማን ባደረገው ሦስተኛ ጉባኤ የተላለፈው ነው። ውሳኔው ሰባት መንገዶችን ዘርዝሮ አምስቱን ከልክሏል። እነዚህም የሌላ ሴት እንቁላል፣ የሌላ ወንድ ዘር፣ የሁለቱም፣ የሌላ ሴት ማህፀን ወይም የሌላዋ ሚስት ማህፀን የሚገቡባቸው ናቸው። ሁለቱን ፈቅዷል፦ የባልን ዘር በሕክምና መንገድ በሚስቱ ማህፀን ማስገባትንና የባልና የሚስትን ዘር ከማህፀን ውጭ አዳብሮ በዚያችው ሚስት ማህፀን ማኖርን። ፈቃዱ ግን በሁለት ነገሮች ተወስኗል፤ ሓጃ (ፍላጎት) መኖር አለበት፤ አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ መደረግ አለበት።

የብይኑ መሠረት ነሰብን መጠበቅ ነው። ሰው በሌላው ማሳ ላይ ውኃ እንዳያጠጣ የሚከለክለው ሩወይፊዕ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስና የዒዳ ሥርዓት ሁሉ የሚያመለክቱት ይህንኑ ነው። በዚህ ምክንያት ኒካሑ በፍቺ ወይም በሞት ካበቃ በኋላ ቀድሞ የተቀመጠን ዘር ወይም ፅንስ መጠቀም በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ አይፈቀድም። የተረፉ የዳበሩ እንቁላሎችን በተመለከተም አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1990 ከመነሻው ለማስገባት የሚፈለገው ቁጥር ብቻ እንዲዳብር፣ ትርፍ ከተገኘም በተፈጥሮ ሕይወቱ እስኪያልፍ እንዲተው፣ ለሌላ ሴት መስጠቱም ሐራም መሆኑን ወስኗል። ለወደፊት ሙከራ ፅንስ ማቀዝቀዝን ግን ኒካሑ እስካለና መቀላቀል እንዳይኖር ዋስትና እስከተገኘ ድረስ የፈቀዱ የዘመናችን ዑለማእ አሉ።

ምርጫዎቹን መመዘን

ከላይ የተዘረዘረው የሚነግረን የተፈቀደው ምን እንደሆነ ነው። ከተፈቀደው ውስጥ የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ደግሞ ሕክምናውን ማወቅ ግድ ይላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለቱንም መመርመር ነው። በመካንነት ጉዳይ የወንዱ ድርሻ ቀላል አይደለም፤ የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሚስት ምርመራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ሚስት ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባች በኋላ የባል ዘር አነስተኛ መሆኑ ቢታወቅ ያለ አስፈላጊነት ለጉዳት ተዳርጋለች ማለት ነው። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ቆይቶ ያልተፀነሰ እንደሆነ፣ ከ35 ዓመት በላይ ለሆነች ሴትም ከስድስት ወር በኋላ ምርመራ እንዲጀመር ይመከራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባት የታወቀች ሴት ግን ይህን ያህል መጠበቅ አይኖርባትም።

ሁለተኛው ነጥብ የሆርሞን መድኃኒት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችና መሰል መድኃኒቶች የኢንዶሜትሪዮሲስን ሕመም ያስታግሣሉ፤ በሚወሰዱበት ጊዜ ግን እርግዝናን ይከለክላሉ። የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የመፀነስ ዕድልን ለማሻሻል ተብሎ እነዚህ መድኃኒቶች እንዳይታዘዙ መክሯል። ስለዚህ ለሕመም መታከምና ለልጅ መታከም ሁለት የተለያዩ ግቦች መሆናቸውን ጥንዶቹ ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ሊነጋገሩበት ይገባል።

ሦስተኛው በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ ላፓራስኮፒ፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ 341 ሴቶች የተሳተፉበት የካናዳ ጥናት ቀላል ደረጃ ያለው ኢንዶሜትሪዮሲስ ሲወገድ ከ20 ሳምንት ያለፈ እርግዝና የመገኘት ዕድል 30.7 በመቶ፣ በምርመራ ብቻ ለታለፉት ደግሞ 17.7 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ከታከሙትም አብዛኞቹ በጥናቱ ጊዜ ውስጥ አልፀነሱም። የቸኮሌት ሲስትን ማውጣት ደግሞ ጤነኛ የእንቁላል ክምችትንም አብሮ ሊያጎድል ይችላል። በዚህም የተነሣ ያው የ2022 መመሪያ የአይቪኤፍን ውጤት ለማሻሻል ብቻ ተብሎ ሲስቱን አስቀድሞ ማውጣትን አይመክርም፤ ለሕመም ወይም እንቁላሉ በቀላሉ እንዲደረስበት ግን ሊደረግ ይችላል።

አራተኛው የባልን ዘር አጥቦ ወደ ማህፀን ማስገባት ነው። ቱቦዎቹ ክፍት ለሆኑና ደረጃው ቀላል ለሆነ፣ እንቁላልን ከሚያነቃቃ መድኃኒት ጋር ሊሞከር ይችላል፤ ከአይቪኤፍ ወጪው ያነሰ፣ ለአካልም የቀለለ ነው።

አምስተኛው አይቪኤፍ ነው። ሴቲቱ ለአሥር ቀናት ገደማ መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቹ በአልትራሳውንድ እየታዩ በመርፌ ይወሰዳሉ፤ ከባል ዘር ጋር ይዳብራሉ፤ ከቀናት በኋላ ፅንሱ ወደ ማህፀን ይመለሳል። ቱቦዎች ሲጎዱ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ የባል ዘር ሲያንስ ወይም ሌላው መንገድ ሳይሳካ ሲቀር የሚመረጠው ይህ ነው። የመሳካቱ ዕድል በሚስት ዕድሜ፣ በተለይም ከ35 በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ዙርም ለልጅ ዋስትና አይሆንም። የእንቁላል ማምረቻ ከመጠን በላይ መነቃቃትና መንታ እርግዝና የሚያስከትላቸው አደጋዎች አሉት።

በፊቅህ መርሆች ስንመዝነው፣ አንደኛ፣ ጉዳት በመሰሉ ጉዳት አይወገድም፤ የእንቁላል ክምችቷ ለተመናመነ ሴት ሲስቱን በድጋሚ ማስወጣት የሚፈለገውን ልጅ ራሱን ሊያርቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ግቡ በቀላሉ መንገድ የሚገኝ ከሆነ ከባዱ አይመረጥም፤ ዐውራን መግለጥን የሚጠይቅ ነገር ሁሉ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይፈቀዳልና። ለ26 ዓመት ወጣት፣ ቱቦዋ ክፍትና ሕመሟ ቀላል ከሆነ፣ መጠበቅ ወይም ቀላሉን መሞከር ከሸሪዓም ከሕክምናም ጋር ይስማማል። ሦስተኛ፣ ጊዜ ራሱ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ነው፤ ለ38 ዓመት ሴት «ቀላሉን እናስቀድም» ማለት ከባዱንም ማሳጣት ሊሆን ይችላል። አንዱ ፈትዋ ለሁለቱ ሴቶች አንድ ዓይነት ምክር ይሆናል ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመርካቶ ኑሮ አንጻር

ለብዙ ዓመታት አይቪኤፍ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች ሀገሮች መሄድ ነበረበት። በ2011 ዓ.ም. ግን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ በመንግሥት ተቋም ደረጃም ፈር ቀዳጅ ሆነ። ሆስፒታሉ በአጎራባቹ ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ በመሆኑ ለመርካቶ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። በከተማዋ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ይሁንና መድኃኒቶቹ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ወጪው ለአንድ መካከለኛ ነጋዴ ቤተሰብ ከባድ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣ የሚለው እንግዲህ የፊቅህ ጥያቄ ይሆናል። የአካዳሚው ውሳኔ ሕክምናውን ያሰረው ከሓጃ ጋር እንጂ ከዶሩራ (ከሕይወት አስገዳጅ ሁኔታ) ጋር አለመሆኑን አይተናል። ስለዚህ ልጅ መፈለግ የወለድ ብድርን በር አይከፍትም ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ቀርዱል ሐሰን (ያለ ወለድ ብድር) ወይም እቁብ ነው። ሰዎች በየጊዜው እኩል እያዋጡ ተራ በተራ የሚወስዱበት ልማድ ለፊቅህ ሊቃውንት አዲስ አይደለም፤ በሀገራችን ሐሪማዎች ደረሶች በሚቀሩት «ሚንሃጅ» ሸርሕ ላይ ሐሺያ የጻፉት አል-ቀልዩቢ በሴቶች መካከል የነበረ ተመሳሳይ መዋጮ የተፈቀደ መሆኑን ከወሊዩዲን አል-ዒራቂ ጠቅሰዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ለሕክምና የቸኮለ አባል ቀድሞ እንዲደርሰው ሌላው ዕጣውን ቢለቅለት ኢሕሳን ነው፤ ዕጣውን በገንዘብ ቢሸጥለት ግን እቁቡ በመሠረቱ ብድር በመሆኑ ጥቅም የሚያስገኝ ብድር ወደ መሆን ይሄዳል። የእቁብ ዳኞች በደንባቸው ለሕክምና የሚሆን ቅድሚያ ቢያካትቱ መልካም ነው።

ሌላው ጉዳይ ዐውራ ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ሴት የምትታከመው በሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች ሙስሊም ባልሆነች ታማኝ ሴት ሐኪም፣ ካልሆነ በሙስሊም ወንድ፣ ካልሆነም ሙስሊም ባልሆነ ወንድ ሐኪም እንደሆነ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። ሐኪሙ የሚያየውም በሚያስፈልገው ልክ ብቻ፣ ባል፣ መሕረም ወይም ታማኝ ሴት ባለችበት እንዲሆን ወስኗል። ቅደም ተከተሉ በሩን የሚዘጋ አይደለም፤ የሴት ስፔሻሊስት እስክትገኝ ተብሎ ዓመታት ማባከንን አያዝዝም።

የረመዳን ጾምም ይጠየቃል። በ1997 እ.ኤ.አ. የተላለፈው የአካዳሚው ውሳኔ ምግብነት የሌላቸው የቆዳና የጡንቻ መርፌዎች፣ በብልት በኩል የሚደረግ ምርመራና የሚቀመጥ መድኃኒት፣ በሆድ ግድግዳ የሚገባ የላፓራስኮፒ መሣሪያም ጾምን እንደማያፈርሱ ይገልጻል። በሻፊዒ መዝሀብ ግን በብልት የሚገባ ነገር እንደሚያፈርስ የታወቀ ነውና መዝሀቡን የምትከተል ሴት ከዓሊሟ ጋር ትመካከር። መዘግየቱ የማይጎዳውን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ከኺላፍ ያወጣል፤ አካዳሚውም ይህንኑ መክሯል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ በቤተ ሙከራው ላይ ነው። «አስፈላጊው ጥንቃቄ ሁሉ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ በተግባር የሚፈጸመው እዚያ ነው። ጥንዶች ናሙናው ስምና መለያ የሚጻፍበት እንዴት እንደሆነ፣ በየእርምጃው ሁለት ሰዎች ያመሳክሩ እንደሆነ፣ ስንት እንቁላል እንደሚዳብር፣ የተረፈው ምን እንደሚደረግ፣ ኒካሑ ቢያበቃ የቀዘቀዘው ምን እንደሚሆን ጠይቀው በጽሑፍ ሊፈራረሙ ይገባል። ዕቃ ሳይቆጥር የማይረከብ ነጋዴ በነሰብ ጉዳይ ሳይጠይቅ መፈረም አይገባውም።

ልጅ ባይገኝስ?

ይህን ጥያቄ መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም። ከሕክምና በኋላም የማይወልዱ አሉ፤ «ፍታት» ወይም «ሌላ ጨምር» የሚለው ጫና የሚበረታውም ያኔ ነው። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት መካንነትን ኒካሕ ከሚፈርስባቸው ነውሮች እንደማይቆጥሩት ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ሥራቸው አስፍረዋል። ሕመሟ ከኒካሕ በፊት የታወቀ ከሆነ ለሚያጫት ሰው መግለጹ ተገቢ ነው፤ በኋላ የታወቀ ከሆነ ግን አላታለለችም፤ በሽታ የሁለቱ ፈተና እንጂ የአንዷ ጥፋት አይደለም።

ወላጅ ያጣ ልጅ ማሳደግ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ሆኖም በሱረቱል አሕዛብ እንደተደነገገው ልጁ በወለደው አባት ስም ይጠራል። በጨቅላነቱ የተወሰደ ሕፃንን የሚስት ወይም የባል እኅት የጥቢ ሸርጡን አሟልታ ብታጠባው የመሕረምነት ዝምድና ስለሚፈጠር ልጁ ሲያድግ በቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ይቃለላል።

የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልጅ አልወለዱም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእኅታቸው ልጅ ስም «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለው እንዲጠሩ ፈቅደውላቸዋል። ከኡማው ታላላቅ የዕውቀት ምንጮች አንዷ መሆናቸውንም ሁሉም ያውቃል። «ምነው ዝም አልሽ?» እየተባለች የምትጠየቅ ሴት ይህን ልትሰማ ይገባታል፤ ጠያቂዎቿም እንዲሁ።

ማጠቃለያ

አይቪኤፍ በባልና በሚስት መካከል በኒካሕ እስከተወሰነ ድረስ ለሓጃ የተፈቀደ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የመመዘን ሥራ ግን በሦስት ወገኖች መካከል መከፋፈል አለበት። ሐኪሙ ስለ ደረጃው፣ ስለ እንቁላል ክምችቱና ስለ መሳካቱ ዕድል እውነቱን ይናገር፤ ዓሊሙ ብይን ከመስጠቱ በፊት ስለ ዕድሜ፣ ስለ ሕመምና ስለ ገንዘብ ይጠይቅ፤ ጥንዶቹ ኢስቲኻራ ሰግደው ይወስኑ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶችን ከዑለማእ ጋር የሚያገናኝ ቋሚ መድረክ ቢያዘጋጅ፣ በመስጊዶች የሴቶች ደርስ ላይም የሐይድ ምዕራፍ ሲቀራ ከልክ ያለፈ ሕመም በሽታ ሊሆን እንደሚችል ቢነገር፣ ዛሬ በ35 ዓመት የሚታወቀው ሕመም በ20 ዓመት ሊታወቅ ይችላል። ያኔ የሚተርፉት ዓመታት ለአንዳንድ ቤተሰቦች በልጅና ያለ ልጅ በመኖር መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣሉ። ወላሁ አዕለም።